ስምንት ሰው የምትጭነው ጀልባ

ጋሽ መርዳሳ በመጀመሪያ የጀልባዋን ጎን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃሉ። ዝገቱ እንደ በርበሬ ክንዳቸው ላይ ይረግፋል። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በክብ ሳይሆን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከፊት ወደ ኋላ። ከዚያ ቤንዚን የነካ ጨርቅ። ጨርቁ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፤ በሦስተኛው ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ ሥራው ከሽቦ ብሩሹ እንደገና ይጀመራል። ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀብተው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ሲደርቅ ሲባጎ ጠመኔ አስነክተው ከጫፍ ጫፍ ይወጥሩና በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ይለቁታል፤ ላሜራው ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይቀራል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ መስመር። በሁለቱ መካከል በነጭ የዘይት ቀለም አሥር ቁጥሮች ይጽፋሉ። ትንፋሻቸውን የሚይዙት አንድና ሰባት ላይ ሲደርሱ ነው፤ አንዱ ሰባት እንዳይመስል።

ቁጥሩ የራሳቸው ስልክ ነው። በግራ ጎን፣ በቀኝ ጎን፣ አንድ ደግሞ ውስጥ መቀመጫው ላይ። ፎቶ ከየትም ቢነሳ አንዱ ይገባል።

ባቱ ሐይቅ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች ይህን አይተው ዝም ብለው አያልፉም።

«ጋሽ መርዳሳ፣ ጉማሬው እንዲደውልልዎት ነው?»

«ጉማሬ ቢደውል ይሻለኛል» ይላሉ ብሩሹን ሳያነሱ። «ጉማሬ መርዳሳ ነኝ አይልም።»

ሠላሳ ዓመት ጀልባ ሲበይዱ ስልካቸውን ጀልባ ላይ ጽፈው አያውቁም ነበር። ብየዳ የተማሩት በልጅነታቸው አዳማ ነው፤ የጭነት መኪና ስፖንዳ ከሚሠራ ጋራዥ። ወደ ባቱ የመጡት የአንድ ሰው ጀልባ ለመጠገን፣ ለሦስት ቀን ነበር። እትዬ ዘርፉን አገኙና ቀሩ። እትዬ ዘርፉ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚያወሩት፤ «ብየዳው አልይዝለት ብሎ ነው የቀረው» ይላሉ።

ጋሽ መርዳሳ ለሠሩት ጀልባ ሁሉ አንድ ሕግ አላቸው፤ ስምንት ሰው። «ዘጠነኛውን እኔው እጁን ይዤ አወርደዋለሁ» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በዚህ ምክንያት ጥለዋቸው የሄዱ ገዢዎች አሉ። ለሌላ ሰው ብለው አሥር ያሉበት ቀን ግን የለም።

ሰማያዊዋን ጀልባ የሠሯት ለራሳቸው ነበር። ወደ ደሴቱ ሰው ሲያመላልሱባት ኖሩ። ባለፈው ዓመት ግን ጉልበታቸው ከጀልባ ወደ ዳር መዝለል እምቢ አለ፤ ሊሸጧት ወሰኑ። አዳማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የምትሠራው ልጃቸው ሉሊት ለእሑድ መጥታ አራት ፎቶ አነሳች። በአንደኛው ጥግ ላይ የአባቷ ባርኔጣ ግማሹ ገብቷል። ከስልክ ቁጥራቸው ጋር ቴሌግራም ላይ ለጠፈቻቸው።

ስልኩ በማግስቱ መጮህ ጀመረ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ዋጋውን ሰምቶ ሳይከራከር «ይሁን» አለ። ከሰዓት የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ላከ። «አስገብቻለሁ፣ መኪና እየመጣ ነው፣ አስጭኑልኝ።» ጋሽ መርዳሳ ቱታቸውን እንደለበሱ ባንክ ሄደው ተሰለፉ። የገባ ነገር የለም። ደውለው «ወንድሜ፣ ፎቶ ከላክህልኝ እኔም የጀልባዋን ፎቶ ልኬልሃለሁ፤ ተቀባብለናል» አሉት።

ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ድምጿ እንደ ማር። «አባባ፣ ክፍያው እንዲለቀቅልዎ ስልክዎ ላይ የገባውን ስድስት ቁጥር ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ ገንዘቡን የምትሰጪኝ አንቺ፤ ቁልፉን የምሰጥሽ እኔ?» አሉና ዘጉት።

ሉሊት ብትጠይቃቸው ሌባውን ከገዢ የሚለዩበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። «በሠላሳ ዓመት ‹ውሃ ታስገባለች ወይ?› ሳይል ጀልባ የገዛ ሰው አላየሁም። እነዚህ አንዳቸውም አልጠየቁኝም።»

ሌቦቹን ከበር የመለሱ መሰላቸው። በጓሮ መግባታቸውን ያወቁት ኑሬ የመጣ ዕለት ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እየነዳ ግቢያቸው ገባ። ከጋቢናው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ወረደ፤ ጫማው ላይ የስንዴ አቧራ አለ።

«አካም ቡልተኒ፤ እንደምን አደሩ። ኦቦ መርዳሳ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ኑሬ ነኝ፣ ከአርሲ ነገሌ። ጀልባዬን ልጭን መጥቻለሁ።»

«የቷን ጀልባህን?»

ወደ ሰማያዊዋ ጠቆመ። «ቀብድ የላክሁባትን። ቀሪውን ይዣለሁ።»

ኑሬ አርሲ ነገሌ እህል ገበያ ያደገ ነጋዴ ነው። እዚያ ስንዴ ገና ማሳው ላይ እያለ በቀብድ ይሸጣል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ሌላው እጥፍ ቢያመጣለት እንኳ ቃሉን አያጥፍም፤ ቢያጥፍ በማግስቱ ገበያ አይወጣም። ኑሬ ይህን ልማድ ይዞ ነው ስልኩን የከፈተው። ላንጋኖ ዳር እንግዳ በጀልባ ማዞር አስቦ ከሁለት ዓመት ትርፉ ግማሹን ቀብድ ብሎ ላከ።

«ልጄ፣ እኔ ከማንም ቀብድ አልተቀበልኩም» አሉ ጋሽ መርዳሳ።

ኑሬ ስልኩን አወጣ። ሰማያዊዋ ጀልባ አለች። ሉሊት ያነሳቻቸው አራቱ ፎቶዎች አሉ፣ ግማሿ ባርኔጣም ጭምር። ከሥሩ «መርዳሳ በያጁ፣ ባቱ ሐይቅ ዳር» ይላል። የተለየው ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው።

«ስምዎ ነው። ጀልባዎ ነው። ግቢዎ ነው።» ድምፁ ከፍ አለ። «ሳልጠይቅ አልላክሁም። እዚህ ዘመድ አለኝ፤ መርዳሳ በያጁ እንዴት ያለ ሰው ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ። ቃሉ አይታጠፍም አለኝ። በዚያ ነው የላክሁት።»

ጋሽ መርዳሳን ከሁሉ የቆረጣቸው ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት ጠብታ በጠብታ የበየዱት ስም ሰው ማጥመጃ ሆኗል።

ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ቢላዋቸውን አስቀምጠው ወደ አጥሩ ተጠጉ። መረብ የሚጠግኑትም መጡ። ከኋላ አንዱ «ዘንድሮ ማን ይታመናል» አለ፤ ማንን እንደሆነ ሳይናገር። ጋሽ መርዳሳ ሰሙት። ሌባ ያልሆነ ሰው ሌባ አለመሆኑን በምን ያሳያል?

እትዬ ዘርፉ ከጓሮ ወጡ። እጃቸው እስከ ክርን የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ነው።

«የኔ ልጅ፣ ያ ሰውዬ ጀልባዋ ስንት ሰው ትጭናለች አለህ?»

«አሥራ ሁለት።»

እትዬ ዘርፉ ወደ ሰዉ ዞሩ። «እንግዲህ እርሱ የእኔ ባል አይደለም።»

አጥሩ ዳር ሳቅ ፈነዳ። ኑሬ አልሳቀም።

«ደውልለት እስቲ» አሉት እትዬ ዘርፉ። «ሁላችንም እንድንሰማ አድርገህ።»

ደወለ። ሰዉ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሰገገ፤ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹም ጭምር። «ሄሎ» የሚል የወጣት ድምፅ መጣ። ኑሬ ስልኩን ለጋሽ መርዳሳ ሰጣቸው።

«ማን ልበል?» አሉ ጋሽ መርዳሳ።

«መርዳሳ ነኝ፤ መርዳሳ በያጁ።»

ጋሽ መርዳሳ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት። «እንደምን አለህ፣ መርዳሳ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴ? ደኅና ነው። ምን ይሆናል?»

አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ተመስገን፣ ዳነልዎት» አለች ለጋሽ መርዳሳ በሹክሹክታ።

«ለሰማያዊዋ ጀልባ ነበር የደወልኩት» አሉ ጋሽ መርዳሳ። «ስንት ሰው ትጭናለች?»

«አሥራ ሁለት። ከተጠጋጉ አሥራ አምስትም ትችላለች፣ አባቴ።»

ስማቸውን ሲጠራ ያልተቆጡት ሰው አሁን ፊታቸው ተለወጠ። «ስማ አንተ ልጅ። ስሜን ወሰድክ፣ እሺ። አሥራ አምስት ሰው ስትል ግን ሰው እየገደልክ ነው። መርዳሳ እኔ ነኝ። ስምንት ነው የምትጭነው።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ኑሬ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ዘንድሮ ማን ይታመናል» ያለው ሰውዬ ከአጥሩ ሥር የለም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ አመለከቱ። ባንክም ሄዱ። ገንዘቡ በገባበት ቀን ወጥቷል። ሉሊት ከአዳማ ሆና የፎቶው ባለቤት እኛ ነን ብላ ለየግሩፑ ጻፈች፤ ከሁለቱ ተነሳ፣ በሦስተኛው ተለጠፈ።

ማታ ላይ ኑሬ ባዶውን መኪና ይዞ ሊመለስ ሲል ጋሽ መርዳሳ አስቆሙት።

«የሌባ ዕዳ አልከፍልልህም። ቢያስችለኝም ልክ አይደለም።»

«አልጠየቅሁዎትም፣ ኦቦ።»

«ልጨርስ። ጀልባዋን ከፈለግሃት የያዝከውን ትሰጠኛለህ፤ የጎደለውን እርሷ ላንጋኖ ላይ ሠርታ ትከፍለኛለች። ግን እስካሁን መጠየቅ ያለብህን አልጠየቅከኝም።»

«ምን?»

«ውሃ ታስገባለች ወይ በለኝ።»

ኑሬ ግራ ገባው። «ውሃ ታስገባለች ወይ?»

«ታስገባለች። ትንሽ፤ ከኋላ ሁለተኛው ብየዳ ላይ። ነገ እደፍነዋለሁ። ና ቦታውን ላሳይህ።»

እትዬ ዘርፉ ከበሩ ሆነው «እንዲህ እየሸጠ ነው ያልከበርነው» አሉ፤ ለኑሬ የሚተኛበት ሊያነጥፉ ገቡ።

በማግስቱ ብየዳው ተደፈነ። ኑሬ በሕይወቱ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ጋሽ መርዳሳ ሆን ብለው ነፋሱ ሲነሳ ጠብቀው አወጡት። ሁለት እጁን ጠርዙ ላይ ቆልፎ፣ ከንፈሩ በጸሎት እየተንቀሳቀሰ ዞረ። «አሁን ስምንት ለምን እንደሆነ ገባህ?» አሉት። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ውሉ በሦስት ምስክር ተጻፈ። ቀብዱም ከእጅ ወደ እጅ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ተሰጠ። ከመጫኗ በፊት ጋሽ መርዳሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲባጎና ጠመኔ አወጡ፤ የኑሬን ስልክ በሦስት ቦታ ጻፉባት። ከእርሷ ወዲህ ያለ ቁጥር ከግቢያቸው የወጣ ጀልባ፣ ያለ ቁጥር የተነሳ ፎቶም የለም።

ኑሬ አሁንም ከላንጋኖ ይደውላል። ስለ ክፍያው የሚያወራው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚለው ሌላ ነው፤ «ኦቦ፣ ዛሬም ዘጠነኛ ሰው አወረድኩ። ሰደበኝ።»

«ይስደብህ» ይላሉ ጋሽ መርዳሳ። «በደረቅ መሬት ቆሞ ነው የሚሳደበው።»

የድሮዎቹ አራት ፎቶዎች ግን አልሞቱም። ባለፈው ወር አንድ የቆቃ ሰው ቀብድ ሊልክ ሲል ሉሊት ደርሳ አስቆመችው። ጋሽ መርዳሳ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ስልክ ውስጥ ያለውን ገበያ ሁሉ መጠበቅ አይችሉም። ስለዚህ ይህን የምታነቡትን አንድ ነገር ይለምኗችኋል። ሰማያዊ የብረት ጀልባ፣ ጎኗ ላይ ቁጥር የሌላት፣ ፎቶዋ ጥግ ላይ ግማሽ ባርኔጣ የሚታይባት፣ ለሽያጭ ቀርባ ካያችሁ አትደውሉ። ዝም ብላችሁም አትለፏት። ከሥሯ አንድ ቃል ጻፉላቸው፦ ተሸጣለች።