የሎደሩ ጥርስ የተፈታ ዕለት

የወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ አንድ ረጅም ብረት በሲሚንቶ ተተክሏል። ብረቱ ጥርስ አለው፤ ጥርሶቹ ወደ ሰማይ ያያሉ። በክረምት የመካነ ሰላም ጭቃ ጫማ ያስቀራል። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ሁሉ ከመግባቱ በፊት እግሩን በእነዚያ ጥርሶች መሃል እያንሸራተተ ጭቃውን ይጥላል። ባለወፍጮው በዚህ ብልሃቱ ይመሰገናል። ብረቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን የለም፤ ልጆቹ አያውቁትም፣ ትልልቆቹ እያወቁ አያነሱትም።

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገብስ ልናስፈጭ ሄድን። እኔ ጆንያውን ተሸክሜ ቀደምኩ። እሷ እንደ ልማዷ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመችና ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭታ የላስቲክ ጫማዋን ጠረገች። ወደ ብረቱ አልዞረችም። አንድን ነገር ላለማየት ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ከእናቴ ነው የተማርኩት።

ያ ብረት የሰይድ ትራክተር ጥርስ ነበር።

ሰይድ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከታላቅ ወንድሜ ከሙሉጌታ ጋር በአንድ ግቢ እንደተፈለፈሉ ጫጩቶች አብረው አደጉ። በዓረፋ ሙሉጌታ እነሱ ቤት፣ በፋሲካ ሰይድ እኛ ቤት ይውላሉ፤ ሰይድ የእኛን ሥጋ ባይበላም ድፎ ዳቦውን ሲጨርሰው እናቴ «ሥጋውን እሱ ይጾማል፣ ዳቦውን እኛን ያስጾመናል» ትል ነበር። ካደጉ በኋላ ሰይድ ሳውዲ ሄደ፣ ከርሞ ተመለሰ። ሌላው ተመላሽ ባጃጅ ሲገዛ እሱ ከፊቱ ትልቅ የብረት አካፋ ያለው አሮጌ ትራክተር ገዛ። አካፋውን ባኬት ይለዋል፤ እኛ መኪናውን ጠቅልለን ሎደር አልነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጠጠር የሚወጣበት ካባ ነበር። ሰይድና ሙሉጌታ እዚያ ሥራ ጀመሩ።

መጀመሪያ ሥራው አልሆነም። የባኬቱ ከንፈር ሜዳ ነበር። የተናደውን፣ የላላውን አፈር አንሥቶ ይጭናል፤ የጠበቀውን ግን አይደፍረውም። ሰይድ ሞተሩን እያስጮኸ ገደሉ ላይ ሲገፋው ከንፈሩ ሰሃን ላይ እንዳለ ማንኪያ እየተፋተገ ይንሸራተታል። ከላላ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች በቅሏቸውን አቁመው ይስቁ ነበር። አንድ ሽማግሌ «በድዱ ተራራ ሊበላ ነው?» ብለው ሲያልፉ ሙሉጌታ «አባባ፣ እርስዎ በድድዎ ቆሎ ይቆረጥሙ የለ እንዴ» አላቸው። ሽማግሌው ከእኛ በላይ ሳቁ።

ከዚያ ሰይድ ደሴ ወርዶ ያን ብረት አመጣ። በከንፈሩ ልክ የተሠራ ነው፤ ከከንፈሩ ላይ ይገባና በሁለቱ ጎን በብሎን ይጠብቃል። መሬት ለማስተካከል ሲፈለግ ብሎኑ ይፈታና ከንፈሩ እንደ ድሮው ሜዳ ይሆናል። ለቁፋሮ ሲታሰር ግን የትራክተሩ ክብደት ሁሉ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። በመጀመሪያው ቀን ገደሉ ውስጥ ሲሰምጥ አየሁት። ድንጋዩ ከነሥሩ ተነቅሎ ወጣ፤ ከተነቀለበት እንደ አዲስ የታረሰ ማሳ ያለ ሽታ መጣ።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምጽፍ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። ሙሉጌታ ካባው አፋፍ ላይ አቆመኝና «ገጣሚው፣ ይሄ ያለ ግጥም አይታለፍም» አለኝ። እንዲህ አልኩ፦

ጥርስ ያወጣ ሕፃን ቆሎ ነው ቀለቡ፣
የሰይድ ትራክተር ተራራ ነው ረሀቡ።

ሰይድ ወንበሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ሙሉጌታ ግን «ቀሽም ነው፤ ግን ወንድሜ ስለሆንክ ተቀብያለሁ» አለ።

ወንድሜ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ ዝም የማይል ሰው ነበር። የግራ እጁን ትንሽ ጣት ጥፍር አሳድጎ ነበር፤ በዚያ ዘመን የከተማው ጎረምሶች እንዲህ ያደርጉ ነበር። የተቀቀለ ድንች የሚልጠው በእሷ ነው። እናቴ ባየቻት ቁጥር ትበሽቃለች።

«ይቺን ጥፍር አንድ ቀን ተኝተህ እቆርጣታለሁ» ትለዋለች።

«እሷን ቆርጠሽ ድንች ማን ሊልጥልሽ?» እያለ የላጠውን አፏ ድረስ ይወስድላታል።

ነሐሴ ነበር፣ የፍልሰታ ጾም። መንገዱ በዝናብ ተበልቶ መኪናዎች ስለሚሰምጡ ጠጠር በጣም ይፈለግ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ ዝናብ ካባ አይገባም። የሎደሩ ጥርስ የገደሉን እግር እየበላ ወደ ውስጥ ገባ። የላዩ ግን እንደቆመ ነው፤ ሣሩን እንደለበሰ እንደ ግንባር ወደ ፊት አዘንብሏል። ከሥር የሚነቀሉትን ትላልቅ ድንጋዮች እያንከባለለ ለጥርሱ መንገድ የሚጠርገው ሙሉጌታ ነው። ሰይድ የጫነውን ሊደፋ በወጣ ቁጥር «ሙሌ፣ እኔ ሳልኖር ሥሩ አትግባ» ይለዋል። ሙሉጌታም «ይሄ ገደል ከአንተ ይልቅ እኔን ያውቀኛል» ይላል።

ያን ቀን ጠዋት ምሳቸውን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ የገብስ ቂጣ በተልባ። ጉሙ ከካባው አፍ ገና አልለቀቀም። መንገዱ ዳር ጠጠሩን እየደፋ የነበረውን ሰይድን ሰላም እያልኩት ሳለ ከኋላችን ድምፅ ሰማን። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ብዙ ሰው አንድ ላይ እንደተነፈሰ ያለ ነው። ስንዞር ግንባሩ የለም። ገደሉ ወርዶ፣ ሣሩ ከላይ እንደነበረ አረንጓዴ ሆኖ፣ ካባው ወለል ላይ ተኝቷል፤ ሙሉጌታ የትም አይታይም።

ሰው በአፍታ ሞላ። ዶማ ያለው በዶማ፣ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ። የወረደው ግን እርጥብ ዋልካ አፈርና ድንጋይ ነው፤ እንደ ሊጥ ተያይዞ ወዲያው ጠበቀ። ሰይድ ትራክተሩን አዙሮ ገባ። ጥርሱ በአንድ ግፊት የበላው አፈር ሰዎቹ እስከዚያ ከቆፈሩት ሁሉ በለጠ። ባኬቱን ሞልቶ ወጣ፣ ደፋ፣ ተመለሰ። ያኔ ተስፋ ማድረግ እንደጀመርኩ አስታውሳለሁ።

እናቴ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው።

ባኬቱ ሲወርድ፣ ጥርሶቹ አፈሩ ውስጥ ሲሰኩ አየች። አልጮኸችም። በሰዎቹ መሃል ሰንጥቃ መጣችና ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ከትራክተሩ ፊት፣ ጭቃው ላይ፣ አነጠፈችው። በጎኑ ተንበረከከች።

በእኛ አገር የእናት ነጠላ አይረገጥም። ደም የተቃቡ ሰዎች ጠመንጃ እንደተማዘዙ ነጠላ ሲነጠፍ ይቆማሉ። ሰይድም ቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«እትዬ ዘነበች፣ በአላህ ይነሱልኝ» አላት ከወንበሩ ወርዶ።

«ልጄን በጥርስ አትንካብኝ።»

«ጥርሱ ከሌለ አይቆፍርም እኮ። አፈሩ ጠብቋል። በሕይወት ቢኖርስ?»

«እየው እስቲ» አለች፣ የወደቀውን ገደል በእጇ እያሳየች። «ይሄን ለብሶ ማን ይተነፍሳል? ሙሉውን ስጠኝ። ሙሉ አድርጌ ልቅበረው። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

በእኛ ዘንድ ሬሳ ሙሉ ሆኖ ነው የሚቀበረው። ጣት እንኳ ቢጎድል የዚያ ቤት ለቅሶ አያባራም፤ ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። እኔ «እማዬ፣ ተነሺ» ስላት ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ሰው ሁሉ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ ይመር ዞረ። ለቅሶና ቀብር የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በእሳቸው ቃል ያድራል። ጋሽ ይመር አፈሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነጠላዋን አዩ።

«ልጄ ሰይድ፣ የሞተው ሞቷል። የቀረችው እሷ ናት። ፍታው» አሉት።

ሰይድ ወደ ትራክተሩ ዞረ። ቁልፉን አወጣ። ብሎኖቹ በጭቃ ተደፍነዋል፤ በአንዱ በኩል እሱ፣ በሌላው በኩል እኔ ታገልን። ጥርሱ ወልቆ ካባው ዳር ተጣለ። እናቴ ነጠላዋን አንሥታ፣ ከነጭቃው ተከናንባ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሎደሩ የሠራው ሥራ መዳፍ የሚሠራው ዓይነት ነበር። ከንፈሩ በአፈሩ ላይ እየተንሸራተተ ስስ ስስ አድርጎ ይልጣል። የጠበቀውን ሰዎች በዶማ ያላሉለታል፣ እሱ ይጠርጋል። ጉሙ ተነሣ፣ ዝናብ መጣ፣ ዝናቡ አባራ። ወንድሜ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ዓባይ በረሃ ማዶ አዘቅዝቃ ነበር።

አንድ ሰፊ ድንጋይ በአፈሩ መሃል ዘንበል ብሎ ቆሟል። ሥሩ ባዶ ነበር። ሙሉጌታ እዚያ ባዶ ውስጥ በጉልበቱ ተቀምጧል፤ አንድም ቦታ አልቆሰለም። ሙሉ ነው፤ ትንፋሽ ግን የለውም። ሰይድ ዘሎ ወረደና እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዞ እዚያው አስገባው።

ገና ይሞቅ ነበር።

ከፊቱ ያለው ዋልካ ተቧጥጧል፤ የጣቶቹ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ጥፍሮቹ ሁሉ አፈር ሞልተዋል፣ ሁለቱ ተሰባብረዋል። ያሳደጋት የትንሽ ጣቱ ጥፍር ግን አልተሰበረችም።

ጋሽ ይመር ከላይ ጎንበስ ብለው አዩ። «ያረቢ» አሉ በዝግታ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወዲያው ነው የሞተው» አሉን። «ሰምታችኋል? ወዲያው ነው።»

ሰይድ ከቁልፎቹ ጋር የሚይዛት፣ ከሳውዲ ያመጣት የጥፍር መቁረጫ ነበረችው። ለራዲያተሩ ባስቀመጠው ውሃ የወንድሜን እጆች አጠበ፤ ከዚያ እዚያው ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ቆረጠ። እንባው አፍንጫው ጫፍ ላይ ይጠራቀምና ይወድቃል፤ አይጠርገውም። ሲጨርስ ብቻ አነሣነው።

እናቴ ስታየው ፊቱን፣ ደረቱን፣ እግሮቹን ዳሰሰች። «ሙሉ ነው» አለች። ሰይድ ፊቷ ቆሞ «ወዲያው ነው የሞተው፣ እናቴ። ምንም አላወቀም» አላት። «አላህ ይስጥህ» አለችው። ከዚያ የሙሉጌታን ግራ እጅ ይዛ ቆየች። ሴቶቹ መጥተው እስኪያነሧት ድረስ አልለቀቀችውም።

ጥርሱ ባይፈታ ኖሮ ይደረስለት ነበር? ወይስ ያ ብረት ራሱ ድንጋዩን ነቅሎ ይጥልበት ነበር? ይህን ጥያቄ ዓመታት ሙሉ በሁሉም በኩል አገላብጬዋለሁ፤ በግጥም፣ በስድ ንባብ፣ በጸሎትም። መልስ የለውም። ሰይድ ትራክተሩን ሸጦ ተመልሶ ሳውዲ ገባ። ጥርሱ ካባው ዳር ሲዝግ ከርሞ ባለወፍጮው አንሥቶ ወሰደው።

ባለፈው ቅዳሜ ዱቄቱን ይዘን ስንመለስ ካፊያ ነበር። እናቴ ከጎኔ ትሄዳለች።

«ሰይድ ትናንት ደወለ» አለችኝ።

«ምን አለ?»

«እንደ ወትሮው። ደህና ነዎት ወይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል።» ትንሽ ሄድን። «ጥፍሩን የቆረጠለት እሱ ነው አይደል?»

ጆንያው ትከሻዬ ላይ ድንጋይ ሆነ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል። እጁን ስይዘው ትንሿን አጣኋት። ተኝተህ እቆርጣታለሁ እያልኩ ስዝትበት ኖሬ፣ ሌላ ሰው ቀደመኝ።»

«እማዬ…»

«የሚደበቅ ነገር የሌለበትን እጅ ጥፍር ማን ይቆርጣል። ሲቧጥጥ እንደቆየ ያን ጊዜውኑ ገባኝ።» ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ስለ ገብሱ ዋጋ የምታወራ ነበር የሚመስለው። «ለሰይድ እንዳትነግረው። ወዲያው ሞተ ብሎኛል፤ እንዳለኝ ይቅርለት። ሰው አገር ነው ያለው ልጁ፣ ብቻውን ነው።»

እኛ ከእሷ የደበቅነውን እሷ ከእኛ ደብቃ ኖራለች። እኛ ሸክሙን የተካፈልን ሦስት ሰዎች ነበርን። እሷ ግን ነጠላውን ያነጠፈችው ራሷ መሆኗን እያወቀች፣ በየበዓሉ የሰይድን ስልክ እያነሣች፣ «ደህና ነኝ፣ አብሽር» እያለች ብቻዋን ተሸክማዋለች። ግጥም ጻፍኩ ብዬ የማውቀውን ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ ናቅኩት።

ደጃችን ስንደርስ ጎንበስ አለችና ከአጥሩ ሥር ሣር ነጨች። የራሷን ጫማ ጠረገች፤ ከዚያ ተንበርክካ የእኔን ያዘች።

«ተይ፣ እኔ እጠርገዋለሁ» አልኳት።

«ጆንያ ይዘህ የለ» አለች። «ቁም ዝም ብለህ።»