በባዶው ቱቦ ውስጥ የቀረ አሻራ

ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ባዶ» ይሏቸዋል። ሥራቸው ከረጅም የብረት ቱቦ ውስጥ አየር መጥጦ ማውጣት ነው። በዚያ ቱቦ አዮን የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ከባድ አቶሞች ተወንጭፈው አንዲት ቅንጣት ነዳጅ ይመታሉ፤ ተመራማሪዎቹ ከዚያ ምት አንድ ቀን እንደ ፀሐይ ያለ ኃይል እናገኛለን ይላሉ። «እናንተ ፀሐይ ሥሩ፣ እኔ ባዶ ልሥራ» ይሏቸው ነበር ጋሽ ባዶ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን የጣቶቻቸው ጫፍ ደነዘዘ። ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም፤ ከሥራ ከወጡ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትተው መቀመጥ እንደማይሆንላቸው ያውቁታል። የቱቦውን መጋጠሚያ የሚዘጋው የመዳብ ቀለበት ቦታውን መያዙ የሚታወቀው በጣት ነው። ያን ዕለት በጓንት ውስጥ ጣታቸው ምንም አልሰማ አላቸው። ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርገው ጓንታቸውን አወለቁ። ቀለበቱን ሲያስተካክሉ መዳፋቸው የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ ነካ።

አየሩ ወጣ፤ መለኪያውም ደህና ነው አለ። የአዮኖቹ ጨረር ሲለቀቅ ግን ዳር ዳሩን የሚያልፉት አዮኖች ግድግዳውን መቱት፤ ከመዳፋቸው ወዝ ጋዝ ተነሣ። ፈጣኖቹ አዮኖች ጋዙን እየገጩ ኤሌክትሮኖቹን አስጣሉት፤ የተፈቱት ኤሌክትሮኖችም ጨረሩን አዛቡት። በመመልከቻው መስታወት ሐምራዊ ጭላንጭል ታየ። ጨረሩ ተበትኖ ነዳጁን ሳተው።

«ጋሽ ባዶ፣ ዛሬስ ባዶው ሞላብዎ» አለ የቱቦው በያጅ እየሳቀ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯ አልሳቀችም፤ ወደ በያጁ ዞረች። «ጋዙ ከየት መጣ? ብየዳህ ያፈሳል ማለት ነው። ሁለተኛህ ነው፤ ከዚህ በኋላ አልታገሥህም።»

የበያጁ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሚስቱ ልትወልድ ነው።

«ብየዳው አያፈስም» አሉ ጋሽ ባዶ። «የኔ እጅ ነው። ያለ ጓንት ነካሁት።»

«እርስዎ? ለምን?»

«ጣቴ አይሰማም፣ ልጄ። ከክረምት ጀምሮ።»

ዶክተሯ ዓይኗን ከመስታወቱ አንሥታ እጃቸውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ» አለች።

ቱቦው ተከፍቶ ታጠበ። ጋሽ ባዶ ጡረታቸው እስኪደርስ ድረስ እንዲያሠለጥኑ ተባለ፤ ቀለበቱን የሚያስገባው በያጁ ሆነ። ጓንቱን አጥልቆ ቀለበቱን በዝግታ አዞረና ቀና ብሎ አያቸው።

«ገባ፣ ጋሼ?»

እጃቸውን ወደ ቀለበቱ ዘረጉ፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉ። «የሚሰማው ያንተ ጣት ነው።»