አባቴ በመዶሻ ሳይመታው የማይወጣ መኪና

አባቴ ምድር ባቡር ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ብረት መምታት ነበር። ባቡር ድሬ ለገሃር ሲቆም ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ ከሥር ከሥር ይሄድና የብረት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል፤ መትቶ ያዳምጣል። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የተሰነጠቀ ብረት ያጉረመርማል። እሱ «ሂድ» ካላለ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ያንን ሁሉ ሕዝብ ጅቡቲ የሚያደርሰው እሱ እንጂ ነጂው እንዳልሆነ ያምን ነበር። እኛም ቤት ውስጥ ተከራክረነው አናውቅም።

ጡረታ ሲወጣ መዶሻውን ይዞት መጣ። ስጦታ ነው አለ። ማን እንደሰጠው አልነገረንም።

እኔ በዚያው ሰሞን ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ኮተት አንድ የጭነት መኪና አግኝቼ፣ ከመልካ ጀብዱ በበሬ አስጎትቼ ግቢያችን አስገብቼ ነበር። ዶሮ እንቁላል ይጥልበት የነበረ መኪና ነው። ጋራዥ ልውሰደው ብዬ አላሰብኩም፤ እጄ እያለ ለምን ብዬ። ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር በክሪክ አንስቼ ራሴ ፈታሁት፣ ራሴ ገጠምኩት። የሚያንጠባጥበውን ሁሉ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በቆረጥኩት ጎማ ደፈንኩት። ገጥሜ ስጨርስ አራት ብሎን ተረፈኝ። የየት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መኪናውም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሸሪኬ ጎረቤታችን የሆነ የሶማሌ ነጋዴ ነበር። እሱ ዓለማያ ወጥቶ ድንች ይገዛል፣ እኔ እጭናለሁ፣ አብረን ደንገጎን ቁልቁል ወርደን ድሬ እናራግፋለን። ደንገጎ አንዱ ጎኑ ተራራ፣ ሌላው ጎኑ ገደል ነው። መሀል ላይ መንገድ አለ ይባላል።

መኪናው ከግቢ ሊወጣ በተዘጋጀበት የመጀመሪያው ጠዋት አባቴ የምድር ባቡር ኮፍያውን አድርጎ፣ መዶሻውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ባቡር አይደለም» አልኩት። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ አባቴንም አንተ እያልኩ ነው ያደግሁት።

«ጎማ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያው።»

ዞሮ እያንዳንዱን ቸርኬ፣ ጎማው የለበሰበትን ብረት ማለቴ ነው፣ መታው። ከዚያም ቸርኬውን የያዙትን ዳዶዎች ነካ ነካ አደረጋቸው። በመጨረሻ «ሂድ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መኪና አባቴ በመዶሻ ሳይመታው ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ሸሪኬ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ «አዴር ሳይመታው ከመውጣትማ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» ማለት ጀመረ። አዴር የሚለው አባቴን ነው፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። አባቴ ጆሮው አይሰማም።

ያንን ሁላችንም እናውቃለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የአባቴ ጆሮ ጭራሽ አገር ለቆ ነበር። እሱ ግን እኛን ነበር የሚወቅሰው፤ በዚህ ቤት ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም ይላል። የባቡሩ ፊሽካ ሲነፋ እንደ ድሮው ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ «ዛሬም ዘገየ» ይላል። ሰዓቱን የሚያወጣው ግን እናቴ ወደ ለገሃር ዞር ካለች በኋላ ነው።

መዶሻውን ብቀማው አባቴ ጠዋት ከአልጋው የሚነሳበት ምክንያት አይኖረውም። ባልቀማው ደግሞ ሁለት ነፍስ በማይሰማ ጆሮ ታምኖ ደንገጎን ሊወርድ ነው። ስለዚህ እንደ ሌባ ሆንኩ። በየጠዋቱ እሱ ፊቱን ሲታጠብ እኔ ቁልፌን ይዤ ዳዶውን አጠብቃለሁ፣ ቸርኬውን እጠርጋለሁ፣ አያለሁ። እሱ ሲመጣ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ እንደ ሞኝ እቆማለሁ።

እንዲህ እያልን ዓመት ሊሞላን ሲል ሸሪኬ ሰለቸው።

«አቦ፣ ፈትነውና ይለይልህ» አለኝ። «ከሰማ ሰማ፤ ካልሰማ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። እኔን አይቀየመኝም።»

በማግሥቱ የኋላውን የግራ ጎማ ሁለት ዳዶ አላላሁ። ነውር ነው፤ ያን ጊዜም ነውር መሆኑን አውቅ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ መጣ። ይመታል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ይቀጥላል። የግራው ጎማ ጋ ሲደርስ መታ፤ ቀና አለ። ደግሞ መታ። መዶሻውን መሬት አስደግፎ ቆመ።

«ይኼን ሳታጠብቅ ወዴት ልትሄድ ነው?»

ከደስታዬ የተነሳ መኪናው ሥር ገባሁ። አለቀስኩ። ወጥቼ ዓይኔ ውስጥ ግራሶ ገባ አልኩ። ሸሪኬ «ወላሂ ሰማ» እያለ መጋላ ገበያውን ዞሮ አወራ። እናቴ ነገሩን ስነግራት ብዙ ካሰበች በኋላ «እና የኔን ብቻ ነው የማይሰማው ማለት ነው» ብላ ለሁለት ቀን አኮረፈችው። እሱ ማኩረፏን አላወቀም።

እኔም ከዚያ በኋላ ቁልፌን ይዤ መሹለኩን ተውኩ። የሚሰማ አባት እያለኝ ምን አደከመኝ?

ለጥምቀት መኪናውን ላሳምር ተነሳሁ። ለካቢናው አዲስ መቀመጫ ሠራሁለት፣ የጭነቱን እንጨት ቀየርኩ፣ ቸርኬዎቹን ደማቅ ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። ዝገቱን መፋቅ ነበረብኝ። አልፋቅሁም፤ ፀሐዩ ራስ ይበሳ ነበር፣ ቀለሙ ደግሞ ሁሉን ይሸፍናል። እናቴ ከበር ላይ ሆና «አባት ሳለ አጊጥ» አለችኝ። በማግሥቱ አባቴ ጎማዎቹን ሲመታ እኔ ቀለሜን እያየሁ ፈገግ እል ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ሂድ» አለ።

በዚያው ቀን ደንገጎ ቁልቁል ላይ፣ ድንቹን ጭነን ስንመለስ፣ የፊተኛው ግራ ቸርኬ ለሁለት ተከፈለ። ገደሉ በቀኝ ነበር፤ መኪናው በግራ ተራራው ላይ ተኛ። እኔ መርጬ አይደለም። የጣሊያን መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ በግራ የተቀመጠው ሸሪኬ ነው፤ በሩ እግሩ ላይ ታጠፈ። ድንቹ መንገዱን ይዞ ከኛ በፊት ወደ ድሬ ወረደ። ሸሪኬ መጀመሪያ ያለው «ድንቹን ሰው ሳይለቅመው» ነበር። ከዚያ እግሩን አየ። ያ እግር ዳግመኛ ቀጥ አላለም።

የተሰበረውን ቸርኬ ቤት ወስጄ አባቴ ፊት አስቀመጥኩት። አገላብጦ አየው። የስብራቱ ግማሽ ዝጎ ጠቁሯል፤ ግማሹ አዲስ ነው፣ ያበራል። ከብዙ ጊዜ በፊት ተሰንጥቆ የቆየ ብረት ነው። እንኳን አባቴ፣ እናቴ ብትመታው ማጉረምረሙ ይሰማት ነበር።

ተናድጄ ነበር። ከነንዴቴ ጆሮው ሥር ጮህኩ። «ያን ጊዜ ያላላሁትን ዳዶ ሰምተህ ይኼን እንዴት አትሰማም?»

አፌን ሲያይ ቆየ።

«ብረት መስማት ካቆምኩ ቆየሁ» አለ። «ገና ለገሃር እያለሁ ነው ያቆምኩት።»

«ታዲያ ዳዶውን?»

«ያን ቀን ሌላውን ጎማ ስመታ መዶሻዬን ታያለህ። እዚያ ስደርስ መሬት መሬት አየህ። እኔ የማየው አንተን ነው።»

«ባቡሩንስ?»

«ባቡር ፊት የለውም» አለ። «ለዚህ ነው ጡረታ የወጣሁት። ማንም አላስወጣኝም።» መዶሻውን ማን እንደሰጠው ያኔ ገባኝ፤ ራሱ ለራሱ ነው።

ቸርኬውን ወደ እኔ ገፋው። ቀዩን ቀለም በአውራ ጣቱ ፋቅ ፋቅ አደረገው።

«በዚህኛው ቀን ፊትህ ላይ ምንም አልነበረም።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። የሚሰማ አባት አለኝ ብዬ ቁልፌን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ዝገቱን ቀለም ያለበስኩትም እኔ ነኝ። ሰውየው ከኔ የሚያነበው እኔ የማውቀውን ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማወቅ ትቼ ነበር።

መኪናውን ለማቃናት አራት ወር ፈጀብኝ። ዝገቱን በሙሉ ፋቅሁ፣ ቀለም አልቀባሁም። ሊወጣ በተዘጋጀበት ጠዋት ሸሪኬ በምርኩዝ መጣ። አባቴ አልወጣም። ገብቼ ሳየው ኮፍያውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ መዶሻው በሩ ጥግ ቆሟል። እጁን ይዤ አወጣሁትና መኪናው ፊት አቆምኩት። መዶሻውን እኔ ያዝኩ።

የመጀመሪያውን ጎማ መታሁ። አዳመጥኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ፊቴን አሳየሁት። ሁለተኛውን መታሁ፣ አዳመጥኩ፣ አሳየሁት። ሸሪኬ ምርኩዙን ተደግፎ ያየናል። በመጨረሻው ጎማ ላይ አባቴ ብዙ አየኝ።

«እንደገና ምታው» አለ።

እንደገና መታሁት። ቀና አልኩ።

«ሂድ» አለ።