አያትና የልጅ ልጅ አብረው የተመረቁ ዕለት

ካናዳ፣ ኦግደን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንቱ ውስጥ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች መዋዕለ ሕፃናት አለው። እሁድ ከሰዓት የእኛ የወንጌል አማኞች የአማርኛ ጉባኤም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይሰበሰባል። የትምህርት ቤቱ ዋና መምህርት ዕድሜዋ የገፋ ካናዳዊት ናት። ከልጆቹ ገሚሱ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ሳይሰሙ ሲመጡባት ግራ ገባትና ረዳት ፈለገች፤ እኔም እንደዚያ ገባሁ። ጠዋቱን ከልጆቹ ጋር አሳልፋለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ወደ መጋዘን ሺፍቴ እሄዳለሁ።

ትምህርት እንደተጀመረ ሰሞን አንዲት ሕፃን በአያቷ እጅ ተይዛ መጣች። እናቷ ብቻዋን የምታሳድጋት ሴት ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ሺፍት ትሠራና ጠዋት ትተኛለች። አያትየው ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና አንድ ክረምት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቆፍጠን ያሉ ሰው ናቸው። ልጅቷ «አባባ» እያለች ኮታቸውን ጨብጣ አልለቅም አለች። ለመንናት፣ አሻንጉሊት ሰጠናት፣ አልሆነም። መምህርቷ በመጨረሻ ለዛሬ ብቻ አብረዋት ይቀመጡ አለች። አባባም የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ያ «ለዛሬ ብቻ» ዓመቱን ሙሉ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባን ነበር። ጠዋት የጸሎት ሰዓት ሲደርስ አባባ ተነስተው ይወጣሉ፤ ሲያልቅ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ሲጋራ የሚያጨሱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ተከትያቸው ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸውና የጎደለ ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ቅር እንዳይላችሁ» አሉኝ። «እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እናንተ በራሳችሁ ደንብ ስትጸልዩ እኔ መሐል ገብቼ ዝም ብዬ ብቀመጥ ማስመሰል ይሆንብኛል። ልጅቷን ስለምታስተምሩልኝ ግን እግዜር ይስጣችሁ።»

ለመምህርቷ ስተረጉምላት ትንሽ አሰበችና አንድ ደህና ትልቅ ወንበር ጎትታ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠችላቸው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ማንም አላነሳም።

አባባ ቁጭ ብለው ብቻ አልዋሉም። መምህርቷ ፊደል ስታስጠራ እሳቸውም ከልጆቹ ጋር ይጠራሉ። ቀለም ስታስለይ ይለያሉ፤ ፐርፕል ላይ ብቻ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ልጆቹም በሳቅ ይፈርሳሉ። ስኖው ሲወርድና ልጆቹ ውጭ ሊጫወቱ ሲወጡ ጓንት የሚያለብሱት፣ ዚፕ የሚዘጉት እሳቸው ናቸው። የሶርያዋም፣ የፊሊፒንሱም፣ የኤርትራዋም ልጅ አባባ ይሏቸዋል፤ ስማቸው መሰላቸው። ከሕፃናት ጋር መዋሉ አይሰለችዎትም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ በልጅነታቸው ሦስተኛ ክፍል ሳይጨርሱ አባታቸው ስለሞቱ ትምህርት ትተው ጋራዥ እንደገቡ አጫወቱኝ። «መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የምትበቃ ነበረች ትምህርቴ» አሉና ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ምረቃው ሲቃረብ መምህርቷ ሰማያዊ ጋውን ሰፋች፤ እኔ ከካርቶን ቆብ እየቆረጥኩ ክር አንጠለጠልኩባቸው። ለልጆቹ ስንለካ የአባባ የልጅ ልጅ ጋውኖቹን አንድ በአንድ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ባት፣ የአባባስ?» አለችኝ እንግሊዝኛ ቀላቅላ።

ሌሎቹም ልጆች ይህንኑ ጠየቁ። ለነሱ አባባ እንደማንኛውም ተማሪ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ አብረው ተምረዋል። መምህርቷም ጥያቄው ደስ አላትና እሳቸውን እንዳማክራቸው ነገረችኝ። በእሳቸው ልክ የሚሆን ልብስ ስላልነበረን የመዘምራናችንን ጋውን አወጣሁና አሳየኋቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለዋወጠ።

«የመዘምራን ልብስማ አልለብስም፤ የእኔ አይደለም» አሉ። ደግሞም፣ «ይልቅ ነገሩን ተዪው። ሽማግሌ ከሕፃን ጋር ተሰልፎ ሲያይ ሰው ይስቃል» አሉኝ።

የሚያስቀይም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ከፋኝ። መምህርቷ እንተወው አለች፤ ተውነው።

የምረቃው ቅዳሜ አዳራሹ በወላጅ ሞላ። የፋብሪካ ጫማውን ሳያወልቅ የመጣ አለ፣ የአገሩን ልብስ የለበሰ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። የልጅቷ እናትም ከሺፍት በቀጥታ መጥታ ፊት ተቀምጣለች። አባባ በሩ አጠገብ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ናቸው። ጥቁር ሱፋቸው ተተኩሶ፣ ከረቫታቸው ታስሮ፣ ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል።

ልጆቹ ስማቸው ሲጠራ እየወጡ የምስክር ወረቀታቸውን ይቀበላሉ፤ ወላጅ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሳል። የልጅቷ ተራ ሲደርስ መንገዷን ጀመረችና መሐል ላይ ቆመች። የፈራች መሰለኝና ልይዛት ተነሳሁ። እሷ ግን ዞራ ወደ በሩ ሄደች፤ የአባባን እጅ ያዘች።

«አባባ፣ ና። ኢትስ አወር ተርን፣ ተራችን ነው» አለች።

አባባ ልጅቷን አዩ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። እናትየዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ከፊት ወንበር ተነሳችና፣ «አባዬ፣ ሂዱ እንጂ» አለቻቸው።

የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና ተነሱ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። መምህርቷ ለልጅቷ ያዘጋጀችው አንድ ምስክር ወረቀት ብቻ ስለነበር ሁለቱም ጫፍና ጫፉን ይዘው እንዲቆሙ አደረገቻቸው። ልጅቷ የራሷን ቆብ አውልቃ ዘረጋችላቸው፤ እሳቸውም ጎንበስ አሉላትና ራሳቸው ላይ አስቀመጠችው። የዚያ ረጅም ሰው ራስ ላይ የሕፃን ቆብ ጉብ ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የሰው ሳቅ ፈርተው እንደነበር አውቃለሁና ደንግጬ ፊታቸውን አየሁ። ከሁሉም ይበልጥ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

መምህርቷ ማይኩን ሰጠቻቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታንክ ዩ፣ ቲቸር» አሉ በእንግሊዝኛ። «ሬድ፣ ጉድ። ብሉ፣ ጉድ። ፐርፕል፣ ቬሪ ዲፊከልት።»

ልጆቹ ከተሰለፉበት እየተንጫጩ ፐርፕል፣ ፐርፕል እያሉ አስጠሯቸው፤ ወላጁ ቆሞ አጨበጨበ።

ከምሳ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ እናትየዋ ወደ እኔ መጣች። አባቷ እንደመጡ ሰሞን ቲኬት ቁረጪልኝ፣ አገሬ መልሺኝ እያሉ ያስቸግሯት እንደነበር፣ እዚህ ልጆቹ ጋር መዋል ከጀመሩ ወዲህ ግን አንድም ቀን እንዳላነሱት ነገረችኝ። እያወራን ሳለ አባባ ልጅቷን አቅፈው መጡ። ቆቡ አሁንም ራሳቸው ላይ ነበር፤ ልጅቷ መልስልኝ ብላ አልጠየቀችም። መኪናው ውስጥ አስገብተው ቀበቶዋን ካሰሩላት በኋላ ወደ እኔ ዞሩና በመስከረም ለትልልቅ ሰዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምሩበት ቦታ የት እንደሆነ እንዳጣራላቸው አዘዙኝ።

«ማታ ከሆነ አልፈልግም» አሉ። «ጠዋት መማር ለምጃለሁ።»

ሰኞ ዕለት ጠይቄ እንደምነግራቸው ቃል ገባሁላቸው። እየሳቅኩ ወደ ውስጥ ተመለስኩና ከመምህርቷ ጋር ወንበሮቹን ማጠፍ ጀመርን።