ለእናቴ የተነደፈው ክፍል

ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በሚገኘው የቤተሰባችን ቤት በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ለእናቴና ለታላቅ ወንድሜ አዲሱን ቤት አሳየኋቸው። ቤቱ ገና አልተሠራም። አሮጌው የጭቃ ቤት ሰኞ መፍረስ ይጀምራል፤ በቦታው ሁለት ሱቆች በመንገዱ በኩል፣ ከኋላቸው ደግሞ መኖሪያ ክፍሎች ይሠራሉ። አንዱን ሱቅ ወንድሜ ሊያከራየው፣ ሁለተኛውን ደግሞ አንገር ጉቲን የነበረውን እርሻውን ትቶ የመጣው ታናሻችን ሊነግድበት ታስቧል። ከኋላ፣ በስተቀኝ ያለው ክፍል የእናቴ ነው።

የቤቱን ንድፍ በወረቀት የሠራው ወንድሜ የቀጠረው ንድፍ ሠሪ ነው። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ቴክኒካል ድሮዊንግ ስለማስተምር፣ የተፈለገብኝ ቤቱን በኮምፒውተር «እንዳቆመው» ብቻ ነበር። ሥራውን እወደዋለሁ። በወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር በሶፍትዌሩ እንደገና እሥላለሁ፤ ዙሪያውን እዘጋለሁ፤ ከዚያ የተዘጋውን ቅርጽ ወደ ላይ ስስበው መስመር የነበረው ግድግዳ ይሆናል። ፀጉር የምታህል ክፍተት ከቀረች ግን አይነሣም። ይህን ግትርነቱን እወድለታለሁ።

ወረቀቱ ላይ መሬቱ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። በከተማችን የተለመደ ነው፤ ዳገት ላይ ተቀምጠን ሜዳ ላይ እንነድፋለን። ግንበኛው ሲደርስበት ያስተካክለዋል እንላለን፤ ብዙውን ጊዜም ያስተካክለዋል። እኔ ግን ቤቱን በሌለ ሜዳ ላይ ማቆም አልወደድሁም። ስለዚህ በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ውሃ የሞላሁበት ግልጽ የጎማ ቱቦ ይዤ የግቢውን ከፍታና ዝቅታ ለካሁ። የጎማውን አንድ ጫፍ የያዙልኝ እናቴ ናቸው።

ላይኛው አጥር ሥር ቆመው ሳሉ ጎረቤታችን፣ ባለሱቁ፣ ከታች ከመንገዱ ቀና ብሎ፣ እንደ እኛው «ሃርሜ»፣ እናቴ፣ እያለ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

«አከም ቡልታን፣ ሃርሜ። ቧንቧ ሊያስገቡ ነው?»

«ናጋ። ልጄ መሬቱን እየመዘነች ነው» አሉት። «ልትሸጠው ይሆናል፤ ተምራለች እኮ።»

በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ወደ በረንዳችን ቀና ይላል። አባቴ ካረፉ ወዲህ እናቴ ጠዋታቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ተቀምጠው ሰላምታ በመመለስ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ የሚሰሙት ከዚያው ነው።

መሬቱ ከመንገዱ እስከ ኋላ አጥር ከሁለት ሜትር በላይ ይነሣል። የሱቆቹ ወለል ደግሞ ከመንገዱ ጋር እኩል መሆን አለበት። እንዲህ አስተካክዬ መሬቱን ሞዴሉ ውስጥ ሳስገባው የኋላ ክፍሎቹ ዳገቱ ውስጥ ገቡ። በእናቴ መስኮት ፊት ለፊት፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካ ርቀት፣ የተቆረጠ አፈር ቆመ። ደነገጥሁ፤ አልከፋኝም ግን። ስሕተቱ በጊዜ ተገኘ ብዬ ነበር።

ወንድሜ ሱቆቹን ወዲያና ወዲህ እያዞረ አየና ፈገግ አለ።

«ይኸው ሃርሜ፣ ቤትዎ ቆመ።»

«የእኔስ የታል?»

ጣሪያውን አንሥቼ ወደ ክፍሉ አስገባኋቸው። በፊት ወረቀቱን ሲያዩ የጠየቁት መስኮት ይኖረው እንደሆነ ብቻ ነበር፤ አለው ሲባሉ ተስማሙ። አሁን በዚያ መስኮት ወደ ውጭ ተመለከትን። ስክሪኑ በሙሉ ቡናማ ሆነ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አፈር ነው» አልሁ።

«አባታችሁ እንኳ ከዚህ የተሻለ ቦታ ተኝተዋል። እርሳቸው ነፋስ ያገኛሉ።»

ወንድሜ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «መስኮቱ እኮ አለ፣ ሃርሜ። ብርሃንም ከላይ በኩል ይገባል።»

«መስኮቱማ አለ። የሚያልፍ ሰው ነው የሌለው።»

የምጠብቀው ይህንን ነበር። አንዱን ሱቅ አጠፋሁና ግድግዳውን ስቤ፣ በመንገዱ በኩል ለእናቴ ሰፊ ክፍልና በረንዳ አወጣሁላቸው። እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ያንን ማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ያምራል» አሉ። «እዚህ የነበረው ሱቅ የማን ነው?»

«የትንሹ» አለ ወንድሜ።

«እሱስ ወዴት ሄደ?»

የቀረው ሱቅ ካልተከራየ ግንባታው እንደማይጨረስ ሦስታችንም እናውቃለን።

«ልጁ እርሻውን ትቶ መጥቶ፣ እኔ እንጀራው ላይ ልቀመጥ? መልሺው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።»

«ይቆዩ፣ ሌላ መላ ልፈልግ።»

«መልሺው አልኩሽ።»

አንድ ቁልፍ ተጫንሁ። ሱቁ ተመለሰ፤ ክፍሉም ወደ ዳገቱ ገባ።

አንዳንድ ጊዜ፣ ቤቱን በኮምፒውተር ባላቆመው ኖሮ እናቴ እያጉረመረሙም ቢሆን ከልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር እላለሁ። ተመልሼ ደግሞ ሰውን ሳያይ ወደ አፈር ማስገባት ምን ዓይነት ፍቅር ነው እላለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። ወረቀቱ ክረምቱን ሙሉ ወንድሜ ዘንድ ተጠቅልሎ ነበር። ቦታውን በለካንበት ቀንና በማፍረሱ መካከል የቀረችው አንዲት እሑድ ብቻ ናት።

በዚያች እሑድ ጠዋት፣ ወደ ጸሎት ከመሄዳችን በፊት፣ እናቴ ነጠላቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ጠበቁን። ታናሽ ወንድማችንም መጥቶ ነበር፤ ሱቁን እንደማይፈልገው ሊናገር ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«የዲጋዋ እኅቴ ቤት መንገድ ዳር ነው። ክፍልም አላት» አሉ።

ታላቅ ወንድሜ እንዳይሄዱ ብዙ ለመናቸው። እኔም ለመንሁ። ቤቱ በወረቀቱ መሠረት እንዲሠራ፣ የኋላው ክፍል የሱቆቹ መጋዘን እንዲሆን፣ እናቴም ሰኞ ማለዳ፣ ግንባታው እስኪያልቅ ሳይሆን ለሁልጊዜው፣ ወደ ዲጋ እንዲሄዱ ተወሰነ። መጋዘን መስኮት ስለማያሻው፣ እኔ መስኮቱን ከሞዴሉ ላይ እንዳወጣው ተነገረኝ።