ፒ የተጻፈበት ቆርቆሮ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። መድኃኒት ቤቱ ከኤረር በር ወጣ ብሎ፣ ዛሬ ባጃጆች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነበር። እኔ ረዳት፣ ኃላፊው ድራጊስት። ስሙን አልጽፍም። በፊቱ «አንቱ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን አልለውም።

ነጭ ጋዋን ሰጠኝና የኪኒን አቆጣጠር አሳየኝ። ኪኒን በእጅ አይነካም። ሳህን ላይ ይፈሳል፣ በስፓቹላ አምስት አምስት እየተገፋ ይቆጠራል፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ አወሳሰዱ በላዩ ይጻፋል።

ለራስ ምታትና ለትኩሳት የምንሰጠው ኤፒሲ ነበር።

«ኤው አስፕሪን፣ ሲው ካፌይን ነው» አለኝ።

«ፒውስ?»

«ፌናሴቲን።»

«እሱ ምን ያደርጋል?»

«ይሸጣል!» ብሎ ሳቀ። እኔም አዲስ ስለሆንኩ ሳቅሁ። ፌናሴቲን በፋብሪካ ከተሠሩት ቀደምት የትኩሳት መድኃኒቶች አንዱ መሆኑን ከዓመታት በኋላ ራሴ አነበብኩ።

የጀጎሏ ስፌት ሰፊ አዴ ሃሊማ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። «ጠዋት ሁለት ካልዋጥኩ ወስፌው አይታየኝም፣ ወላሂ» ይላሉ። ሳልጠይቅ ኤፒሲ እቆጥርላቸዋለሁ።

በኋላ ፓራሴታሞል መጣ። ኃላፊው ቆርቆሮው ላይ በትልቁ «ፒ» ብሎ ጻፈበት። ስሙን ሙሉውን እንጻፈው ስለው፣ «ስጽፍ ልዋል እንዴ?» አለኝ።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ቆሞ አነበበው፤ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

«ከዛሬ ጀምሮ ፒን አንሺ» አለኝ።

«ፒን?»

«ፒን አልኩሽ! ጆሮ የለሽም?»

ፒ የተጻፈበትን ቆርቆሮ አንስቼ መጋዘን አስገባሁት። ኃላፊው በመደርደሪያው ፊት ሲያልፍ ባዶውን ቦታ አየ። ወደ ወንበሩ ሄደ። ኤፒሲውን መስጠቴን ቀጠልኩ። ደብዳቤው ከመጣ አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል የአዴ ሃሊማ እግር አበጠ። ሐኪሙ ኩላሊትዎ ተጎድቷል፣ የሚወስዱትን ሁሉ አምጡ አላቸው። ያመጡት የእኔን ፖስታ ነው። ጽሑፉም የእኔ።

ተቆጣጣሪዎች መጡ። መሳቢያው ተከፈተ፤ ደብዳቤው ተነበበ። የታገደው ፌናሴቲን ያለበት መድኃኒት ሁሉ ነበር።

«እኔ ፒን አንሺ ብያታለሁ» አለ ኃላፊው። «ትጠየቅ።»

ጠየቁኝ። «ብሎኛል» አልኩ። ብሎኛላ!

እስከ ዛሬ የሚያምታታኝ ይህ ነው። የትኛዋን ፒ ማለቱ እንደሆነ ያውቅ ከነበረ፣ ዓመት ሙሉ ኤፒሲ ስሰጥ እያየ ለምን ዝም አለ? ካላወቀስ ቆሞ ያነበበው ምን ነበር? ደግሞ ራሴንም እጠይቃለሁ። ፌናሴቲን ኤፒሲ ውስጥ እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል። ቆርቆሮውን ሳነሳ ትዝ ብሎኝ ነበር ወይስ አላለኝም? አንዳንድ ቀን ትዝ ብሎኝ ፈርቼ የተውኩት ይመስለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ጭራሽ አላሰብኩትም እላለሁ።

እኔ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ተነስቼ መጋዘን ካርቶን ቆጣሪ ሆንኩ። እሱ ዕድገት አገኘ።

አዴ ሃሊማ መጋዘኑ በር ድረስ መጡ።

«ያችን ኪኒን ስጪኝ።»

«አዴ፣ ኩላሊትዎን የጎዳችው እኮ እሷ ናት።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ።»

«ሐኪሙ ስፌት ይሰፋል? ራሴ ሊፈነዳ ነው! ስንት ዓመት እየሳቅሽ ስትሰጪኝ መድኃኒት ነበረች። ዛሬ መርዝ ሆነች?»

«ያኔ አላወቅንም ነበር።»

«ሳታውቂ ነው የምትሰጪኝ?»

ግድግዳውን እየተደገፉ ሄዱ። ወደ ጀጎል እስኪታጠፉ አየኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ደብዳቤ መጣ ከተባለ ራሳችሁ አንብቡት። ኃላፊው ይቆጣል። ይቆጣ።