«ክላስ» የሚለው ቃል

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩን ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው ካቶሊክ ሚሲዮን ላቲን የተማሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የምንማርበትም ክላስ ነው፣ ካድሬዎቹ የሚሉት መደብም ክላስ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?»

ደስ አላቸው። ጠመኔ አንስተው «ክላሲስ» ብለው ጻፉ። «ሮማውያን የጦር መርከቦችን ስብስብ እንዲህ ይሉ ነበር። ሕዝቡን በሀብቱ ሲከፋፍሉም ያው ቃል ነው። ከሁሉ በፊት ግን ለጦርነት የተጠራ ሰው ማለት ነበር ይባላል» አሉን። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አሉ። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚመዘግብበት ሳምንት ነበር።

እኔ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ማን እንዳሳበቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቅዳሜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቀበሌያችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። መምህራችንን ፊት አቁመዋቸዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደብተሬን ይዤ እንድመጣ አዞኝ ነበርና አነበብኩ።

«ለጦርነት የተጠራችሁ ናችሁ ብሏችኋል?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እሳቸው የላቲኑን ቃል ነው እንጂ...»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጠው አባቴ ከሕዝቡ መሃል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፈራሁ። «አዎ» አልኩ።

መምህራችን ሦስት ሳምንት ታሰሩ። ሲፈቱ ከማስተማር አንስተው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ኃላፊ አደረጓቸው። ብዙም ሳይቆይ ያው ሊቀ መንበር በዚያው አዳራሽ ቆሞ የዘማቾችን ስም አነበበ። ከክላሳችን አራት ወንዶች ነበሩበት፤ ያን ጥያቄ የጠየቀው ልጅም። ታዲያ መምህራችን የታሰሩት ምን ዋሽተው ነው? ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ካለው ቤታቸው ሄጄ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አንቺ የጻፍሽውን ነው ያነበብሽው። ግቢ፣ ሻይ ጠጪ።»

እርጋታቸው ይባስ አናደደኝ። «ለምን አይቆጡኝም? ይስደቡኝ እንጂ!»

«እኔማ እቆጣለሁ ልጄ። ጠዋት ስነሳ እቆጣለሁ፤ ጠመኔ ቆጥሬ ለሌላ መምህር ሳስረክብ እቆጣለሁ። ላንቺ የሚተርፍ ቁጣ የለኝም።»

ዳግመኛ ሳያስተምሩ ጡረታ ወጡ። ከአራቱ ልጆች የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጠያቂው አይደለም። ሊቀ መንበሩን እረግመዋለሁ። ግን ያን ቅዳሜ አዳራሹ ልጆቻቸው ሊጠሩባቸው በደረሱ ወላጆች ጢም ብሎ ነበር፤ «ምን አጠፉ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።